ረቂቁ የት ይታረም? ከባሕር ዳር ሆናችሁ የኦንላይን ዎርክሾፕ ለምትመርጡ

ረቂቁ አልቋል እንበል። ልብ ወለድ ነው፣ ወይ የአጫጭር ታሪኮች ስብስብ፣ ወይ የሕይወት ታሪክ። ጓደኛችሁ አንብቦ «አሪፍ ነው፣ አሳትመው» ብሏል። እናንተ ግን የሆነ ቦታ ላይ እንደሚያነክስ ታውቃላችሁ፤ የቱ ጋ እንደሆነ ነው የጠፋችሁ።

ይህን የምጽፈው ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። ገና ምዕራፍ ሦስት ላይ ከሆናችሁ ዎርክሾፑ (ረቂቃችሁን ሌሎች አንብበው አስተያየት የሚሰጡበት ክፍል) ይቆያችሁ፤ መጀመሪያ ጨርሱት። ሳይጨርስ የገባ ሰው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ደጋግሞ ሲያሽሞነሙን ይከርምና መግቢያው ያማረ፣ መጨረሻው የሌለ ነገር ይዞ ይቀራል።

አማራጩ በዝቷል። በእንግሊዝኛ የሚሰጡ የውጭ ዎርክሾፖች አሉ። አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉ ጸሐፊዎች በአማርኛ የሚከፍቷቸው አሉ። የቴሌግራም ግሩፕ አለ፣ ለብቻ የሚቀጠር አርታዒ አለ፣ አራት አምስት ሆኖ ራስን ማደራጀትም አለ። ለእኔ ሁሉንም የሚለያቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ የእኔን ጽሑፍ ስንት ሰው፣ ስንት ገጽ፣ በምን ቋንቋ ያነብልኛል? የመምህሩ ዝና፣ ሰርተፊኬቱ፣ የፖስተሩ ማማር ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ታዋቂ ደራሲ ለመቶ ሰው በዙም ሲናገር መስማት ደስ ይላል፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ ግን እሱ ንግግር ነው። ረቂቃችሁን ማንም አልነካውም።

ከተማችን ውስጥ በአካል የሚደረገውስ ካላችሁ፣ እንደ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ባሉ ቦታዎች የሚደረጉ የኪነ ጥበብ ምሽቶች ሰው ለማወቅ ጥሩ ናቸው። ነገር ግን መድረክ ላይ የተነበበ ነገር ይጨበጨብለታል እንጂ አይታረምም። ለእርማት ጽሑፉ አንባቢው እጅ ላይ መድረስ አለበት፣ እሱም ብቻውን ቁጭ ብሎ ሊያነበው ይገባል።

የውጭዎቹ

በእንግሊዝኛ የሚሰጡት ብዙዎቹ የአሜሪካውን የአይዋ ዩኒቨርሲቲ መንገድ ይከተላሉ። እዚያ የጸሐፊዎች ዎርክሾፕ የተጀመረው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ መንገድ ጽሑፋችሁን ቀድማችሁ ትልካላችሁ፣ ሌሎቹ አንብበውት ይመጣሉ፣ እነሱ ሲወያዩበት እናንተ ዝም ብላችሁ ትሰማላችሁ። «እዚህ ጋ ማለት የፈለግሁት እኮ...» የለም። ከባድ ነው፣ ግን መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ከእያንዳንዱ አንባቢ ጎን ተቀምጣችሁ አታስረዱምና ልምምዱ ይጠቅማል።

ሌላም መንገድ አለ። ሊዝ ለርማን የተባለች አሜሪካዊት የዳንስ ባለሙያ ያዘጋጀችው ነው፤ አሁን ጸሐፊዎችም ይሠሩበታል። መጀመሪያ አንባቢዎቹ ልባቸው ውስጥ የቀረውን ይናገራሉ። ከዚያ ጸሐፊው ራሱ ይጠይቃል። ቀጥሎ አንባቢዎቹ ፍርድ የሌለበት ጥያቄ ያነሳሉ፤ ለምሳሌ «ይሄ ለምን ተንዛዛ?» ሳይሆን «እናትየዋ ስለ ልጇ የምታውቀው መቼ ነው?» ይላሉ። አስተያየት የሚመጣው በመጨረሻ፣ ያውም ጸሐፊው እሺ ካለ ብቻ ነው። ጽሑፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ለሚያሳይ ሰው እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ። የአይዋው መንገድ ትንሽ ቆዳው የጠነከረ ሰው ይፈልጋል። የምትመዘገቡበት ዎርክሾፕ የትኛውን እንደሚከተል ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሁለቱንም የማያውቅ አስተባባሪ ካጋጠማችሁ ክፍሉ በደፈናው ወሬ ሊሆን ይችላል።

ወደ ችግሩ እንምጣ። አንዱ ሰዓት ነው። ኒው ዮርክ ላይ በእነሱ አቆጣጠር ማታ 7፡00 የሚጀምር ክፍል እኛ ጋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ደግሞ 9 ሰዓት ይሆናል፣ ምክንያቱም እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ወደፊትና ወደኋላ ይገፋሉ፣ እኛ አንገፋም። ሌሊት ተነስቶ፣ ቤተሰብ ላለመቀስቀስ በሹክሹክታ፣ በእንግሊዝኛ ስለ ሰው ልብ ወለድ መከራከር አንድ ሁለት ሳምንት ያስኬድ ይሆናል። ለንደን ይሻላል፤ የእነሱ ማታ 6፡00 እኛ ጋ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ነው።

ሌላው ገንዘብ ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት 100 ዶላር በባንክ ዋጋ 6,000 ብር እንኳ አይሞላም ነበር። ከለውጡ በኋላ ብዙም ሳይቆይ 10,000ን አለፈ። ብሩ ቢኖራችሁም የመክፈያ ካርድ ጣጣው አለ፤ ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ ውጭ ያለ ዘመድ ይለምናል። አንዳንዶቹ ዎርክሾፖች የነጻ ወይም የቅናሽ ቦታ አላቸው። ፈልጋችሁ ጠይቁ፣ ማፈር የለም፣ ቦታው የተቀመጠው ለሚጠይቅ ነው።

ዋናው ግን ቋንቋው ነው። የአማርኛ ረቂቃችሁን ተርጉማችሁ ልትወስዱላቸው ነው፣ ስለዚህ የሚታረመው ትርጉሙ ነው። ታሪኩ ዘግይቶ መጀመሩን፣ አንዱ ገጸ ባሕርይ ያለ ሥራ መቆሙን፣ መጨረሻው መቻኮሉን በደንብ ይነግሯችኋል። ዓረፍተ ነገሩን ግን አያዩትም። ለምሳሌ አሁን የፈጠርኩት አንቀጽ ይኸው፦

«አየለ ወደ ሐይቁ ዳር ወርዶ ነበር። የደንገል ታንኳው ከድንጋይ ጋር ታስሮ ውሃው ላይ አድሮ ነበር። ነፋሱ ቆሞ ነበር።»

ይህን በእንግሊዝኛ ያነበበ ሰው «ጸጥ ያለ፣ ጥሩ አጀማመር» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ዘጌ ያደገ አንባቢ ግን ሁለት ቦታ ላይ ይቆማል። አንደኛ፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር በሦስት «ነበር» ተዘግቷል፤ የመጨረሻውን ትቶ ሁለቱን በሌላ ማሰሪያ ቢዘጋቸው፣ ወይ ሦስቱንም ቢያያይዛቸው አንቀጹ ይተነፍሳል። ሁለተኛ፣ የደንገል ታንኳ ውሃ ላይ ታስሮ አያድርም። ደንገል ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ስለዚህ ባለቤቱ ከቀዘፈ በኋላ ጎትቶ ያወጣውና እንዲደርቅ ዳር ላይ ይተወዋል። እንግዲህ ወይ ታንኳው የደንገል አይደለም፣ ወይ አየለ የሐይቅ ሰው አይደለም፣ ወይ የሆነ ነገር አስደንግጦት ታንኳውን ጥሎ ሄዷል። ሦስተኛው ከሆነ ደግሞ ጸሐፊው ሳያውቀው ታሪኩን አገኘ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን አስተያየት በዶላር አትገዙትም፤ የሚሰጣችሁ አካባቢውንና አማርኛውን የሚያውቅ ሰው ነው።

በእንግሊዝኛ የምትጽፉ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ የውጭው ዎርክሾፕ ቢከፈልበትም ያዋጣል። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአፍሪካውያን ጸሐፊዎች አጭር ልብ ወለድ ሲሰጥ የቆየውን የኬይን ሽልማት የመሰለ ነገር የሚያልም ሰው በእንግሊዝኛ የታተመ አጭር ልብ ወለድ ያስፈልገዋል፣ ለዚያም እንግሊዝኛውን መስመር በመስመር የሚያይ ዓይን። በራሳችሁ ጊዜ የምትከታተሏቸው ነጻ ኮርሶችም አሉ፤ የአይዋው ዓለም አቀፍ የጸሐፊዎች ፕሮግራም እንዲህ ያሉትን ሲያቀርብ ነበር። ለዘዴ ትምህርት ጥሩ ናቸው። አርሙልኝ ለሚል ሰው ግን አይሆኑም፣ በጥልቀት የሚያነብላችሁ የለምና።

በአማርኛ፣ በክፍያ፣ በዙም

እዚህ ብዙ ነገር ይቀላል። በቴሌብር ትከፍላላችሁ፣ ሰዓቱ የሰው ሰዓት ነው፣ ለጥምቀት ዋዜማ ክፍል የሚይዝባችሁ የለም። አስተማሪው «ሰምና ወርቅ» ስትሉት አስረዱኝ አይልም።

ችግሩ ብዙዎቹ ዎርክሾፕ ተብለው ሥልጠና መሆናቸው ነው። ገጸ ባሕርይ፣ ሴራ፣ አንጻር፣ መቼት፤ በስላይድ ይቀርባል፣ ጥያቄ ካለ ይባላል፣ ያበቃል። ስለዚህ ቀላል ሒሳብ ሥሩ። በሳምንት አንድ ቀን ለ2 ሰዓት፣ ለ6 ሳምንት ማለት 12 ሰዓት ነው። 20 ሰው ከተመዘገበ፣ መምህሩ አንድ ቃል ባይናገር እንኳ ለአንድ ሰው 36 ደቂቃ ይደርሰዋል። መምህሩ ደግሞ ይናገራል። 8 ሰው ከሆነ ያው 12 ሰዓት ለአንድ ሰው 90 ደቂቃ ይሆናል፤ በዚህ አንድ ምዕራፍ በወጉ ይታያል። ከ10 ሰው በላይ የሚቀበል ከሆነ ለትምህርቱ ግቡ እንጂ ለረቂቃችሁ ብላችሁ አትግቡ።

ይሉኝታም አለ። በአማርኛ ሲሆን፣ ያውም መምህሩ የተከበረ ሰው ሲሆን፣ ተሳታፊው «በርቺ»፣ «ብዕርህ ይባረክ» ብሎ ያልፋል። ማንም ማንንም ማስቀየም አይፈልግም። አንዳንዱ መምህር ይህን ለመስበር አንባቢው ስሙን ሳይጽፍ አስተያየት እንዲልክ ያደርጋል። እኔ ያን ያህል አልወደውም፤ ስም የሌለው ሰው ይጨክናል። የተሻለው ግልጽ መመሪያ ነው፦ እያንዳንዱ አንባቢ ማንበብ የሰለቸበትን አንድ ቦታ በገጽና በመስመር ይጻፍ። ሥራው ይሄ ከሆነ ማስቀየም አይሆንም።

ኔትወርኩንም አትርሱ። ብዙ ሰው ያለበት የዙም ቪዲዮ በሰዓት 1 ጊጋባይት አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይበላል። ካሜራችሁን አጥፉ፣ የሌሎቹንም ቪዲዮ መቀበል ዝጉ፣ በድምፅ ብቻ ተከታተሉ። መብራት የሚጠፋው ደግሞ ተራችሁ ሲደርስ ነው፣ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ የሆነውን የምታስታውሱ ሰዎች ሙሉ በሙሉ በቀጥታ ስብሰባ ላይ የተመሠረተ ክፍል ለምን እንደሚያሳስበኝ ይገባችኋል። ክፍሉ ይቀረጻል? አስተያየቱ በጽሑፍ ይሰጣል? ሁለቱም «አይ» ከሆኑ ብሩን ያዙት።

ቴሌግራም

ነጻ ነው፣ በደካማ ኔትወርክ ይሠራል፣ ሁሉም ሰው ስልክ ላይ አለ። የድምፅ መልእክት መላክ መቻሉ ደግሞ ለአስተያየት በጣም ይመቻል፤ ሰው በጽሑፍ የማይለውን በድምፅ ይላል። ግን ሺህ ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ ምዕራፍ መለጠፍ ምንም አያመጣም። የእሳት ምልክት ይመጣል፣ ልብ ይመጣል፣ ከሥሩ «እንኳን አደረሳችሁ» ይከተልና ጽሑፉ ይቀበራል።

ጽሑፋችሁን ደግሞ ሌላ ሰው ገልብጦ ሊወስደው ይችላል። የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) ሥራችሁን ባታስመዘግቡትም ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን የእኔ ነው ብሎ የማስረዳቱ ጣጣ የእናንተው ነው። የየጊዜውን ረቂቅ ከነቀኑ አስቀምጡ፣ ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት፣ ክፍት ግሩፕ ላይ ደግሞ ከአጭር ቅንጫቢ በላይ አትለጥፉ። ቴሌግራምን ከመረጣችሁ ትንሽ ዝግ ግሩፕ ክፈቱና ቶፒክስ የሚለውን አብሩት፤ ለእያንዳንዱ ሰው ጽሑፍ የራሱ ክፍል ይኖረዋል፣ አስተያየትም አይጠፋም።

አርታዒ መቅጠር

ጥሩ አርታዒ ከማንኛውም ዎርክሾፕ ይበልጣል። ውድ ነው፣ ይገባዋልም። ግን በመጀመሪያ ረቂቅ አትሂዱበት። ምዕራፍ አራት መውጣት እንዳለበት አምስት ወዳጅ በነጻ ሊነግራችሁ እየቻለ፣ አርታዒ ከፍላችሁ ምዕራፍ አራትን ካሳመራችሁ በኋላ ብታወጡት ያናድዳል። የምትዋዋሉበትን ሥራም ለዩት፤ የታሪኩን አወቃቀር ማየት አንድ ነው፣ ዓረፍተ ነገር ማቃናት ሌላ ነው፣ ለቀማ (የፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ስሕተት መልቀም) ደግሞ ሌላ። «ኤዲት አደርጋለሁ» የሚል ሰው አንዳንዴ ለቀማ ብቻ ሠርቶ ይመልሳል። አምስት ገጽ ለናሙና አሠርታችሁ እዩ፣ ለናሙናውም ክፈሉት።

አራት አምስት ሆኖ መሰብሰብ

በአማርኛ ልብ ወለድ ለሚጽፍ የባሕር ዳር ሰው የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ፔዳ የሚያስተምር ወይ የሚማር አንድ ሰው፣ ከሐይቁ ዳር መንደሮች የሆነ አንድ፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ፣ ውጭ ያለ አንድ። ሁሉም ጸሐፊ መሆን የለበትም፤ እንደውም አንዱ የማይጽፍ ግን ብዙ የሚያነብ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ባልና ሚስት፣ ወይም አለቃና ሠራተኛ አንድ ላይ አታስገቡ። ምክንያቱን አላብራራም።

ጽሑፉ በጉግል ዶክስ ይቀመጣል። ሁሉም በሚመቸው ሰዓት ያነባል፣ ጎን ላይ አስተያየት ይጽፋል፣ የቀድሞው ቅጂ ስለማይጠፋ ያጠፋችሁትን አንቀጽ ከወር በኋላ መልሳችሁ ማግኘት ትችላላችሁ። ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት አድርጎ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ኔትወርክ ሲመጣ ራሱ ያስተካክላል። በየሁለት ሳምንቱ በድምፅ ተገናኙ። የነጻው ዙም 40 ደቂቃ ላይ ይቆርጣል፣ የነጻው ጉግል ሚት ደግሞ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ 60 ደቂቃ ላይ። ለአንድ ሰው ጽሑፍ 40 ደቂቃ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል። ባሕር ዳር ያላችሁት በወር አንዴ ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣችሁ ብትገናኙ ደግሞ ግሩፑ ዕድሜ ያገኛል፤ በስክሪን ብቻ የሚተዋወቁ ሰዎች በሦስተኛው ወር አካባቢ መጥፋት ይጀምራሉ።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። መሪ የለም፣ ቀነ ገደብ ይላላል፣ ከእናንተ የሚበልጥ ሰው የለም። ለዚህ መላው ሁለቱን መቀላቀል ነው፦ በግሩፑ ሁለት ዙር አርሙት፣ ከዚያ ያጠራቀማችሁትን ብር ለአርታዒ አውሉት።

አንድ የቴክኒክ ነገር እዚህ ጋ ልጨምር፣ ብዙ ግሩፕ የመጀመሪያው ቀን ላይ የሚሰናከለው በዚህ ነውና። ረቂቁ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ በፓወር ግዕዝ፣ የተጻፈ ከሆነ ጉግል ዶክስ ላይ ሲከፈት ፊደሉ ጠፍቶ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ቀድማችሁ ወደ ዩኒኮድ (ኮምፒዩተርና ስልክ ሁሉ ወደሚያውቀው የጋራ የፊደል ኮድ) አስቀይሩት፤ የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ስለዚህ ምክንያት የለንም። ከተቀየረ በኋላም ዓይናችሁን ጣሉበት፣ አንዳንድ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ሊበላሽ ይችላል። «ባሕር» እና «ባህር»፣ «ሠራ» እና «ሰራ» ተቀላቅለው ከሆነ ደግሞ አንዱን መርጣችሁ አስተካክሉ። ኮምፒዩተሩ አንዱን ስትፈልጉ ሌላውን አያሳያችሁም፤ የገጸ ባሕርይ ስም ልቀይር ስትሉ ግማሹ ሳይቀየር ይቀራል።

ግጥም የምትጽፉ

ለእናንተ ከላይ ያልኩት ግማሹ አይሠራም። ግጥም በድምፅ ነው የሚታረመው። ጎጃም ውስጥ ሆነን ይሄን ከውጭ መማር የለብንም፤ የቅኔ ተማሪ ቀን ሙሉ ቅኔ ሲቆጥር (ሲያዘጋጅ) ይውልና ማታ የኔታ ፊት ይነግራል፣ የኔታም እዚያው ያርሙታል። የሚጀምረውም በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ነው፣ ረዥሙን ወዲያው አይሞክርም። ጆሮውን ከምታምኑት አንድ ሰው ጋር በሳምንት አንድ ግጥም በድምፅ መላላክ ከሃያ ሰው ዎርክሾፕ ይበልጣል። ቤት የደፋው ቃል የተጎተተ መሆኑን ጆሮ ወዲያው ያውቃል።

ከመክፈላችሁ በፊት

የትኛውንም የሚከፈልበት ዎርክሾፕ ብትመርጡ ለአስተባባሪው አንድ መልእክት ላኩ። ስንት ሰው ትቀበላላችሁ? የእኔ ጽሑፍ ስንት ገጽ ይነበባል፣ መምህሩ ራሱ ያነበዋል ወይስ ተሳታፊዎች ብቻ? አስተያየቱ በጽሑፍ ይደርሰኛል? ሰዓቱ በማን አቆጣጠር ነው? የጻፍኩትን ያለ ፈቃዴ በገጻችሁ ላይ ትለጥፋላችሁ? ኢንተርኔት ቢቋረጥና ክፍሎቹ ቢያልፉኝ ገንዘቤ ይመለሳል ወይስ ወደሚቀጥለው ዙር ይተላለፋል? «እሱን እናያለን» የሚል መልስ መልስ አይደለም። በጽሑፍ ይመልሱላችሁ፣ ስክሪንሾቱንም አስቀምጡት።